ከሲኤምሲ እስከ ለገጣፎ የጥንድ ዳንስ መማር ለምትፈልጉ፦ የትኛው ዳንስ፣ በየትኛው አዳራሽ፣ በምን ጫማ

በአያት፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶና በለገጣፎ የምንኖር ሰዎች የጥንድ ዳንስ ለመማር ስንነሣ አስቀድመን የምንጠይቀው «ሳልሳ ይሻላል ወይስ ዋልትዝ?» ብለን ነው። የእኔ ምክር ግን ከዳንሱ ዓይነት በፊት የአዳራሹን ወለልና ትምህርቱ የሚያበቃበትን ሰዓት ጠይቁ የሚል ነው። መሀል ከተማ የሚኖር ሰው ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ወጥቶ በእግሩ ቤቱ ሊገባ ይችላል፤ እኛ ግን በዚያ ሰዓት ታክሲ ፍለጋ እንንከራተታለን፣ ካልሆነም ራይድ እንጠራለን፣ የራይዱ ሂሳብም የዕለቱን ትምህርት ክፍያ የሚበልጥበት ምሽት አለ። ብዙ ሰው በሁለተኛው ወር የሚያቋርጠው እርምጃው ከብዶት ሳይሆን መመለሻው ከብዶት ነው። ስለዚህ እኩል ጥራት ካላቸው ሁለት አሰልጣኞች ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚያስተምረውን፣ ከተቻለም ከባቡሩ የአያት ጫፍ በእግር የሚደረስበትን ምረጡ።

«ቦልሩም» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ጥቂት ልበል። በውድድር ደንቡ መሠረት ቦልሩም ዐሥር ዳንሶች አሉት። ዋልትዝ፣ ታንጎ፣ የቪየና ዋልትዝ፣ ፎክስትሮትና ክዊክስቴፕ ስታንዳርድ ሲባሉ፣ ሳምባ፣ ቻቻቻ፣ ሩምባ፣ ፓሶ ዶብሌና ጃይቭ ደግሞ ላቲን ይባላሉ። ሳልሳ፣ ባቻታና ኪዞምባ ከዐሥሩ ውስጥ የሉም። «ቦልሩም እናስተምራለን» ወደሚል ቦታ ስትደውሉ ከዐሥሩ የትኞቹን እንደሚያስተምሩ ጠይቁ፤ መልሱ «ሳልሳና ባቻታ» ከሆነ ትምህርቱ መጥፎ ነው ማለት ባይሆንም ዋልትዝ ፈልጎ የሚመዘገብ ሰው ግን ያልፈለገውን ይማራል።

ዋልትዝን በእኛ አካባቢ ለመማር ዋናው እንቅፋት ቦታ ነው። ዘገምተኛው ዋልትዝ በደቂቃ ከ28 እስከ 30 ባር (የሙዚቃው የምት ክፍል) ይሄዳል፣ እያንዳንዱም ባር ሦስት ምት አለው፤ ጥንዶቹ በአንድ ስፍራ አይሽከረከሩም፣ አዳራሹን ዳር ዳሩን ይዘው በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አቅጣጫ በረጅም እርምጃ ይዞሩታል። የስፖርት መሣሪያዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው በሚለቀቅ የጂም ክፍል ውስጥ ግን አራተኛው እርምጃ ላይ ትሬድሚሉ ይቀበላችኋል። ሌላው የእኛ ሰው ችግር ትከሻ ነው። እስክስታ ትከሻችንን እንዲናገር አሳድጎታል፤ ዋልትዝ ደግሞ ትከሻ ጸጥ ብሎ እንዲቀመጥ፣ ከፍታና ዝቅታው ከቁርጭምጭሚትና ከጉልበት እንዲመጣ ይጠይቃል። ጥሩ አሰልጣኝ ይህን በመጀመሪያው ቀን አይቶ እርምጃ ከማስተማሩ በፊት በክንድ አያያዝ ላይ ያቆያችኋል። ቢሰለቻችሁም ታገሡት። በመጀመሪያው ሰዓት ሦስት ዙርና አጣማሪን አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ማጋደል አሳይቶ የሚሸኛችሁን እኔ አልመክርም።

ለሠርግ የምትዘጋጁ ሙሽሮች ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ለሙሽሮች ዳንስ የሚያቀናብሩ አሰልጣኞች ቤት ድረስ ስለሚመጡ ለከተማ ዳር ነዋሪ ከሁሉም የሚመቸው አገልግሎት ይህ ነው፤ ሳሎኑ ቢጠብ እንኳ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል አለ። አሰልጣኙን የምትመዝኑት በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ዘፈናችሁ የትኛው ነው?» ብሎ ሳያዳምጥ «ዋልትዝ እሠራላችኋለሁ» ካለ ተጠራጠሩ። ችክችካ ባለ ስድስት ስምንተኛ ምት በመሆኑ በሦስት የሚቆጠር እርምጃ ይቀበላል፤ ስለዚህ ለስለስ ያለ የችክችካ ዘፈን የመረጠ ሙሽራ ወደ ዋልትዝ የቀረበ ነገር ሊሠራለት ይችላል። በአራት የሚቆጠር የፍቅር ዘፈን ላይ ግን ዋልትዝ ቢጫን እግርና ከበሮ ይጣላሉ፤ እንዲህ ላለው ሩምባ ወይም ባቻታ ይሻላል። ሙሽሪት በልምምዱ ላይ የሠርጓን ዕለት የምታደርገውን ተረከዝ የሚያህል ጫማ ታድርግ፤ ቀሚሱ የሚጎተት ከሆነም ነጠላ ወገቧ ላይ አስራ ትለማመድ፣ አለበለዚያ ወደ ኋላ የምትራመድበት ቦታ ሁሉ ቀሚሷን ትረግጣለች።

አሁን ወደ ዋናው ጥቆማዬ ልምጣ። ሠርግ ለሌለበት፣ ብቻውን ለሚመጣ፣ በሰፈሩ ሰው ለማወቅም ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የምመርጠው የኩባውን የሳልሳ ስልት፣ በተለይም ሩዌዳን ነው። ካሲኖ የሚባለው ይህ ስልት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሀቫና ውስጥ የተወለደ ሲሆን፣ በሩዌዳ ጥንዶች ክብ ሠርተው ይቆሙና አንድ ሰው በሚያሰማው ትእዛዝ ሁሉም እኩል ይዞራሉ፤ «ዳሜ!» ሲባል እያንዳንዱ መሪ (እርምጃውን የሚመራው) ወደሚቀጥለው ተከታይ (የሚመራው አጣማሪ) ያልፋል። ያለ አጣማሪ የመጣ ሰው ጥግ ይዞ አይቀመጥም፣ ባልና ሚስት ሆነው የመጡም እርስ በርስ እየተራረሙ አይጨቃጨቁም። ክቡ በአንድ ስፍራ ስለሚዞር ደግሞ ለዋልትዝ ያልበቃችው ጠባብ አዳራሽ ለዚህ ትበቃለች። በእኛ አገር ይህ ስልት ባዕድ አይደለም፤ ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ በ1970ዎቹ ወደ ኩባ የተላኩ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በምትባለው ደሴት ተምረው ሲመለሱ ስፓኒሽኛውን ብቻ ሳይሆን ዳንሱንም ይዘው መጥተዋል። ከእነዚህ አንዱን ጋሼ በሰፈራችሁ ካገኛችሁ፣ የማስተማር ወረቀት ባይኖራቸውም፣ ሙዚቃውን መስማት ከእሳቸው ተማሩ።

በየሆቴሉ የሚዘጋጀው የሳልሳ ምሽት ከዚህ ይለያል። እዚያ በብዛት የምታዩት በመስመር የሚሄደውን ስልት ነው፤ ተከታይዋ በቀጥታ መስመር ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች፣ መሪው መንገዱን እየለቀቀ ያሳልፋታል። በሁለቱም ስልት በአንድ ሁለት ሦስትና በአምስት ስድስት ሰባት ላይ ትረግጣላችሁ፣ አራትና ስምንት ላይ ታርፋላችሁ፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር የሚፈራ አይደለም። ከምሽቱ በፊት የሚሰጠው ነጻ ትምህርት ግን ለመቅመስ እንጂ ለመማር አይበቃም፤ በየሳምንቱ አዲስ ጀማሪ ስለሚመጣ በየሳምንቱ ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ባቻታ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ሦስት እርምጃ፣ አራተኛው ላይ ነካ። ኪዞምባ የአንጎላ ዳንስ ሲሆን ደረት ለደረት ተቀራርቦ የሚደነስ በመሆኑ፣ የማያውቁትን ሰው እንዲያ ማቀፍ ለሚከብደው ከመመዝገቡ በፊት አንድ ቀን ተቀምጦ ቢያይ ይሻለዋል።

ጫማን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣውን የዳንስ ጫማ ለመግዛት አትቸኩሉ። ለዳንስ የሚፈለገው ለስላሳ ሆኖ ፊቱ ሻካራ የሆነ የቆዳ (ሱዊድ) ሶል ነው፤ የጎማ ሶል ሴራሚክ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር እግር ቆሞ ሰውነት ሲዞር የሚጠመዘዘው ጉልበት ነው። መርካቶ ሸራ ተራ ሄዳችሁ ወይም የሰፈራችሁን ጫማ ሰፊ ለምናችሁ፣ ቀለል ባለ አሮጌ የቆዳ ጫማ ላይ ሱዊድ ቆዳ ሻካራው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ በማስቲሽ እንዲለጠፍ አድርጉ። ጫፎቹን በደንብ እንዲጫናቸው ንገሩት፣ መጀመሪያ የሚነሣው እዚያ ነውና። የሶሉ ሻካራነት ሲጠፋና ሲያንሸራትት በሽቦ ብሩሽ መቦረሽ ነው። በክረምት ከአባዶ ወይም ከታፎ ጭቃ ጋር እንዳይገናኝ በፌስታል ይዛችሁ ሄዳችሁ በር ላይ ቀይሩ፤ አንዴ የረጠበ ሱዊድ እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ወለሉም ከጫማው ጋር አብሮ ይታያል። ፓርኬ ካገኛችሁ ታድላችኋል። የኮሚናል ሊሾ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ከተጠረገ በሱዊድ ሶል በደንብ ይደነስበታል፤ ሴራሚክ ግን ላብ ሲንጠባጠብበት ያዳልጣልና ፎጣ ያዙ። ኮሚናሉን ለመጠቀም የማኅበሩን ኮሚቴ አስቀድሞ ማስፈቀድ፣ ልቅሶ ወይም ድግስ ሲመጣም ያለ ክርክር መልቀቅ ያስፈልጋል። መብራት ስለሚሄድም ስፒከሩ በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

ለመመዝገብ ከአዲስ ዓመት በኋላ ወይም ከፋሲካ ማግሥት ያሉት ሳምንታት የተሻሉ ናቸው። ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ጥሩ አሰልጣኞች በሙሽሮች ይያዛሉ፤ በጾሙ ደግሞ ብዙ ተማሪ ስለሚቀር ሩዌዳ ክብ የሚሞላ ሰው ያጣል። የወሩን ክፍያ በሙሉ ከመክፈላችሁ በፊት ያመለጠ ቀን ይካካስ እንደሆነና አንድ ቀን ለሙከራ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።