ጠዋት በቀላሉ የሚፈታ ቋጠሮ አሳዩኝ

ሰላም ወገኖች። ባለፈው ቅዳሜ ሱባ ጫካ ሀሞኬን (ተንጠልጣይ የጨርቅ መኝታዬን) በሁለት ጽዶች መካከል ሰቅዬ አደርኩ። ገመዱ 6 ሚሊ ሜትር ናይለን ነው። ሌሊት ጤዛ ሲነካው ረዘመና ንጋት ላይ ጀርባዬ መሬት ነክቶ ነቃሁ። ቋጠሮው በክብደቴ ጠብቆ በጥርስም በጥፍርም አልፈታ ስላለኝ በቢላ ቆረጥኩት። ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ገመዱ የጽዱን ቅርፊት ልጦት ማየቴ ነው፤ ያን የመሰለ ዛፍ!

አሁን ለግንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ገዝቻለሁ። ከሀሞኩ ገመድ ጋር በምን ላያይዘው? በእግር ስለምጓዝ የብረት ቀለበት መሸከም አልፈልግም። ሰው ሲተኛበት የማይንሸራተት፣ ጫፉን ሲስቡት ግን ቶሎ የሚፈታ ቋጠሮ የምታውቁ፣ ገመዱ በየት ዞሮ በየት እንደሚገባ እባካችሁ አስረዱኝ። ቅዳሜ ወንጪ ልወጣ ነው።