ቀኝ ጆሮዬ ድፍን ብሏል፤ ኩክ ከሆነ በባለሙያ እንዴት ነው የሚወጣው?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም። ክር መፍተያ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ማሽኑ ስለሚጮህ ቀኑን ሙሉ የጆሮ መድፈኛ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ቀኝ ጆሮዬ ድፍን አለ። ውሃ ገብቶ ነው ብዬ ጭንቅላቴን አዘንብዬ ዘለልኩ፣ ምንም የለም። በጥጥ ኩክ ማውጫ ስሞክር ጭራሽ ባሰ። የራሴ ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ያስተጋባል። እሑድ ደሴ እናቴ ጋ ስሄድ የሀረጎን ዳገት ስንወጣ ይከፈታል ብዬ ነበር፤ እሱም አልሆነ።

አያመኝም፣ ፈሳሽም የለውም። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ ሳያየኝ "ኩክ ይሆናል" አለኝ። እናቴ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀህ ጨምር ትላለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ጆሮ ላይ የሚበራ ሻማ በስልኩ አሳየኝ። ሐኪም ቤት ምንድን ነው የሚያደርጉት? ያማል? ታምቡሬን ቢበሱትስ?

ከሆጤ

አብሽር ወንድሜ። እኔም ደርሶብኝ ታጥቤ ተከፍቶልኛል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ የደሴን ጠዋት ውሃ ከቧንቧ ቀድቶ እንዳለ ረጨብኝ። ቤቱ ዞረብኝ። አስመለሰኝ፣ ግድግዳ ይዤ ነው የወጣሁት። ሌላ ቦታ በሞቀ ውሃ ሲያጥቡኝ ምንም አልተሰማኝም። ከመጀመርህ በፊት ውሃው መሞቁን ጠይቅ። አትፈር።

ነርስ፣ ከደሴ

አንገት በላይ ክፍል ስለሠራሁ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

ኩክ ቆሻሻ አይደለም። የጆሮ ቀዳዳ ውጨኛው ክፍል ላይ ያሉ ዕጢዎች ናቸው የሚያመነጩት። ቆዳውን ከውሃ ይከላከላል፣ አቧራና ጀርም ይይዛል። ቀዳዳው 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቆዳው ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ይጓዛል፤ ስናኝክና ስናወራ መንጋጋችን ያግዘዋል። ኩኩም አብሮ ወጥቶ ይረግፋል። መድፈኛ ግን ይህን መንገድ ይዘጋል፤ ጥጡ ደግሞ ወደ ውስጥ ይጠቀጥቃል። የተጠቀጠቀ ኩክ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። ብዙ ሰው ከገላ መታጠብ በኋላ ተደፈንኩ ብሎ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ቢሆንም ሳይታይ ኩክ ነው አይባልም። እስክትታይ ድረስ አንድ ነገር ሞክር። አፍህን ገጥመህ "እምምም" በል። ድምፁ በተደፈነው ጆሮ ጎልቶ ከተሰማህ ኩክ ወይም የመሃል ጆሮ ችግር ሊሆን ይችላል። በደህናው ጆሮ ጎልቶ ከተሰማህ ግን የነርቭ ችግር ሊሆን ስለሚችል ነገ አትበል፤ ዛሬውኑ ሂድ። ድንገት የሚመጣ የነርቭ መስማት ችግር መድኃኒት አለው፤ ግን በጊዜ መጀመር አለበት። ኩክ ነው ብለው በየቤቱ ዘይት እየጨመሩ ሳምንታት ያለፋቸው ሰዎች አሉ። ያሳዝነኛል። "እምምም" ማለቱ ምርመራን አይተካም፤ ቶሎ መሄድ እንዳለብህ ብቻ ይነግርሃል።

ሀረጎን ስላነሳህ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ይለያያል። በዚያ ምክንያት የሚደፈን ጆሮ ሲያዛጉ ወይም ምራቅ ሲውጡ ይከፈታል። ያንተ አልተከፈተም፤ ስለዚህ የአየር ግፊት ብቻ አይመስልም።

ሐኪሙ መጀመሪያ በኦቶስኮፕ፣ መብራት ባለው የጆሮ ማያ፣ ያይሃል። ኩኩ ከደረቀ ማለስለሻ ያዝልሃል፦ የወይራ ዘይት፣ ግሊሰሪን ወይም የቢካርቦኔት ጠብታ። በጎንህ ተኝተህ 2 ወይም 3 ጠብታ ጨምረህ 5 ደቂቃ ያህል ትቆያለህ። ይህን በቀን ሁለቴ ለ3 እስከ 5 ቀን ታደርጋለህ። በመሃል ድፍንነቱ ቢብስብህ አትደንግጥ፤ ኩኩ ስለሚያብጥ ነው። አንዳንዱ በዚሁ ይወጣል።

ካልወጣ ይታጠባል። ውሃው የሰውነት ሙቀት፣ 37 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ከሆጤ የጻፈው ወንድማችን የዞረበት ለዚህ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ከውስጥ ያለውን የሚዛን አካል ያናውጠዋል። በጣም የሞቀም ያው ነው። የአዋቂ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳብና ውሃው ወደ ላይኛው የኋላ ግድግዳ ቀስ ብሎ ይረጫል። በቀጥታ ወደ ታምቡር አይረጭም። ካመመህ እጅህን አንሳ፣ ያቆማሉ። ሲጨርሱ ደግመው በመብራት ማየት አለባቸው።

ነጭ ሽንኩርቱንና የጋለ ዘይቱን ተው። እናትህ ለአንተ አዝነው ነው፤ ግን የጆሮ ቆዳ በጣም ስስ ነው። ሻማው ደግሞ ምንም ኩክ አይስብም። መጨረሻ ላይ ውስጡ የሚታየው ቡናማ ነገር የሻማው የራሱ ቅሪት ነው። ፊቱና ጆሮው የተቃጠለ፣ ታምቡሩ ላይ ሰም የፈሰሰበት ሰው አለ።

ከሸዋ በር

ነርሷ ካለችው ላይ ልጨምር። አባቴ ስኳር አለበት፣ አንዱ ታምቡሩም ከልጅነቱ የተበሳ ነው። ይህን ሳንናገር ሊያጥቡት ሲሉ አንዲት ልጅ ጠይቃ አስቆመችው። አላህ ይስጣት። ጆሮህ መግል ካፈሰሰ፣ ታምቡርህ ከተበሳ ወይም ጆሮህ ኦፕራሲዮን ሆኖ ከሆነ ቀድመህ ተናገር፤ በውሃ አይታጠብም። ስኳር ያለበትም ይናገር፤ እርጥበት የገባበት ጆሮ ክፉ ኢንፌክሽን ሊያመጣበት ይችላል።

የአባቴን በሳክሽን ነው ያወጡለት። እኔ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ኩኩን ይስባል። ውሃ የለም። ድምፁ ይጮሃል፣ አባቴ "ጆሮዬ ውስጥ ማሽን ገባ" ብሎ ደንግጦ ነበር። ብቻ ጭንቅላት እንዳይነቃነቅ። ጠንካራዋን ቁራጭ በትንሽ መንጠቆ አወጣት። አባቴ ወዲያው "ለምንድን ነው የምትጮሁት?" አለን። ለዓመታት እየጮህን ነበር የምናወራው።

የሙጋድ እናት

ልጆቼ፣ እኛ ድሮ ከማተባችን ጋር የብር ኩክ ማውጫ አንገታችን ላይ እናንጠለጥል ነበር። እናቴ በጭኗ አስተኝታኝ ታወጣልኝ ነበር፤ ደስ ይል ነበር። የእሷን እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ። ይኼም ክልክል ነው ማለት ነው?

ነርስ፣ ከደሴ

እናቴ፣ የእናትዎን ብር በክብር ያስቀምጡት። ከውጭ የሚታየውን ማንሳት ምንም አይደለም፤ ለዚያ ግን እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ብርም ሆነ ክብሪት፣ የፀጉር ሽቦም ሆነ የቢክ ክዳን አንድ ነው። ልጅ ድንገት ሲነቃነቅ ታምቡር ይበሳል። ሐኪሙም መንጠቆ ይጠቀማል፤ ግን ውስጡን በመብራት እያየ ነው።

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። "እምምም" ስል በተደፈነው ጆሮ ነው የጎላው። ያም ሆኖ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በመብራት አይተው ደረቅ ኩክ ነው አሉ። አራት ቀን የወይራ ዘይት አደረግሁ። ሁለተኛው ቀን ላይ ጭራሽ ደነቆርኩ፤ ነርሷ ባትነግረኝ ኖሮ እደነግጥ ነበር። ዛሬ ታጠብኩ። ውሃውን ነርሱ በክንዱ ሞክሮ ነው የጀመረው። ሦስተኛው ርጭት ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነገር ውሃ መቀበያው ሳህን ላይ ወደቀች። ስወጣ የባጃጁ ድምፅ አስደነገጠኝ! የነጠላ ጫማዬ ድምፅ ሳይቀር ይሰማኛል።

አሁን የጆሮ መድፈኛውን ልተወው ወይ?

ነርስ፣ ከደሴ

እልል! እንኳን ደስ አለህ። መድፈኛውን ግን በፍጹም እንዳትተው። ኩክ ይወጣል፤ በማሽን ድምፅ የተጎዳ መስማት ግን አይመለስም። እጅህን ታጥበህ አድርገው፣ ሲቆሽሽ ቀይረው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚሸፍን እንደ ሄድፎን ያለ መከላከያ ካላቸው አሠሪዎችህን ጠይቅ፤ ለአንተ እሱ ይሻላል። ኩክ ቶሎ የሚጠራቀምብህ ከሆነ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ታይ።

የሙጋድ እናት

እሰይ ልጄ! ነርሷ፣ አንድ የመጨረሻ ልጠይቅሽ። የልጅ ልጄ ትናንት ምስር ጆሮው ውስጥ ከቶ ነው ያደረው። ታጥቦ ይውጣለት?

ነርስ፣ ከደሴ

አይ እናቴ፣ ውሃ እንዳይነካው! ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ይቀረቀራል። ዘይትም ጠብታም አይጨምሩ፣ በጣት አይነካካ። ዛሬውኑ ይዘውት ይሂዱ፤ ምስር መሆኑን ገና በር ላይ ይንገሯቸው።