የአካባቢያችን የትምህርትና የሙያ ዕድገት በምን ይለካ?

የጅጋ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ።

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በአንድ ወረዳ የትምህርት መረጃ ላይ ነው የምሠራው። ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰሞኑን ከበላይ አንድ ሥራ መጣልኝ። «የአካባቢውን የትምህርትና የሰለጠነ የሰው ኃይል ዕድገት በሁለት ገጽ አሳዪ» ተባልኩ። ቁጥሩ በእጄ ስላለ በግማሽ ቀን የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። ይኸው ሳምንቴ፤ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላሁም።

ቁጥር አጥቼ አይደለም። ምዝገባው አለ። ጥቅል ተሳትፎ፣ ንጥር ተሳትፎ (ዕድሜያቸው ለደረጃው ልክ የሆኑትን ብቻ የሚቆጥረው)፣ መጠነ ማቋረጥ፣ መጠነ መድገም፣ የተማሪና የመማሪያ ክፍል ጥምርታ፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤት፣ ሁሉም አለ። ከቴክኒክና ሙያ ደግሞ ስንት ሰለጠነ፣ ስንት ለሲኦሲ (ለሙያ ብቃት ምዘና) ተቀመጠ፣ ስንት አለፈ የሚል ይደርሰኛል። እጄን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው ወር ከሱፐርቫይዘሩ ጋር አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ወርጄ ነበር። አራተኛ ክፍል ገባንና ከኋላ ወንበር ከአንዲት ልጅ ጎን ተቀመጥኩ። ደብተሯን አየሁት። ጽሕፈቷ ያምራል። ከሰሌዳው ስትገለብጥ አንድ ፊደል አልሳተችም። ደስ አለኝና ዝቅ ብዬ «እስቲ ይቺን መስመር አንብቢልኝ» አልኳት። ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አደረገች። ቆየች። ጣቷ ከዚያ ቃል አልተነሣም። ቀና ብላ ስታየኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ለካ የገለበጠችው እንደ ሥዕል ነው።

ቢሮ ተመልሼ ቅጹን ስሞላ ያቺ ልጅ የተመዘገበች ናት። ዕድሜዋ ከክፍሏ ይገጥማል። አላቋረጠችም። አልደገመችም። በአራት ዓምድ ላይ «ጥሩ» ሆና ትቆጠራለች። ይሄን ካየሁ በኋላ እነዚያን ዓምዶች እንደ ድሮው መሙላት ከበደኝ።

ሌላም ጭንቀት አለኝ። በአንዳንድ ቀበሌ ጥቅል ተሳትፎው ከመቶ በላይ ይወጣል። በሌላው ቀበሌ ደግሞ ከጸጥታው የተነሣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከርሟል፤ ቅጹ ባዶ ነው። ባዶውን ምን ላድርገው?

በጀት የለኝም፤ ጊዜዬም አጭር ነው። ያስተማራችሁ፣ ሰው የምትቀጥሩ፣ በሥራው ያለፋችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ። ዕድገታችንን በምን ልለካው?


መምህር ነበርኩ (ብቸና)፦

ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ከልጅቷ ጎን ተቀምጠሽ ማስነበብሽ ከብዙ ሪፖርት ይበልጣል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 34 ዓመት አስተምሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ያየሁትን ልንገርሽ።

ከመቶ በላይ የወጣው አያስደንግጥሽ። ጥቅል ተሳትፎ ላይ ከላይ የሚቀመጠው ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ነው። ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በ14 ዓመቱ የገባውም፣ ደጋሚውም ይቆጠራል። ከታች የሚቀመጠው ግን ዕድሜው ለዚያ ደረጃ ልክ የሆነው ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመቶ ያልፋል። ንጥሩን ከጎኑ አስቀምጪ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ይናገራል። ደግሞ የታችኛው ቁጥር ከየት እንደመጣ እዪ። አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ነው። አራተኛው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ለዩኒቨርሲቲ ደርሷል፤ እኛ ግን አሁንም በትንበያ ነው የምናካፍለው። ቤት ለቤት ምዝገባ በደንብ በተሠራበት ቀበሌ ያንን ያዢ።

ይሄ የታችኛው ቁጥር ነገር ቀላል እንዳይመስልሽ። የ12ኛ ክፍልን ፈተና እንውሰድ። በ2014 ከተፈተኑት 896 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2017 ይሄው ቁጥር 8.4 ከመቶ ሆነ። ዕድገት አለ? አለ። ያለፉት ልጆች ከ30 ሺህ ገደማ ወደ 49 ሺህ ገደማ ደርሰዋል። ይሄ የልፋት ውጤት ነው፣ ሊመሰገን ይገባል። ግን የተፈታኙም ብዛት ወደ 586 ሺህ ገደማ ወርዷል። እነዚያኑ 49 ሺህ ለ2014ቱ ተፈታኝ ብታካፍያቸው 5.5 ከመቶ ገደማ ነው የሚመጣው። የቀረው ከፍታ የመጣው ከታች ያለው ቁጥር ስላነሰ ነው።

በእኛ አካባቢ ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ስንት ልጅ ለፈተና ሳይቀመጥ እንደቀረ አንቺም ታውቂያለሽ። ስለዚህ ባዶውን ቅጽ አትዝለይው። «ዘንድሮ ያልተማሩ» ብለሽ የራሱን መስመር ስጪውና ከሁሉ በላይ አስቀምጪው። የተዘጋ ትምህርት ቤት ልጆች ከስሌቱ ከወጡ የሚቀሩት የከተማዎቹ ናቸው። ያኔ አማካዩ ያድጋል። ልጆቻችን እቤት ቀርተው አማካያችን ሲያድግ ማየት እኔን ያንገበግበኛል።

አሁን ወደዚያች ልጅ ልመለስ። የዓለም ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሰው ሀብት መለኪያ አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ እስከ 18 ዓመቱ 7.8 ዓመት ትምህርት ቤት ይቆያል ተብሎ ይጠበቃል። የሚቀስመው ዕውቀት ሲመዘን ግን 4.3 ዓመት ያህል ነው። የተቀመጠበትና የተማረበት ዓመት እኩል አይደለም። ያቺ ልጅ ያለችው በሁለቱ መካከል ነው።

አባቶቻችን ይሄን ያውቁት ነበር። እኔ ራሴ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ እግር ሥር ነው። «ስንት ዓመት ተማርክ?» የሚል ሰው አልነበረም። «የት ደርሰሃል?» ነበር ጥያቄው። ፊደል ለየ፣ አቡጊዳ ቆጠረ፣ መልእክት አነበበ፣ ዳዊት ደገመ፤ በቃ፣ ሁሉም ሰው ልኩን ያውቀዋል። ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ዲማ የገባም ዋሸራ የገባም ተማሪ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ይወጣል። መምህሩ ፊት የራሱን ቅኔ ሲቆጥር ያኔ ደረጃው ይታወቃል። አንዱ በዓመት፣ ሌላው በሦስት ዓመት። መለኪያው ከአፉ የሚወጣው ነው።

አንቺም እንዲህ አድርጊ። 60 ቃል ያህል ያላት አጭር ታሪክ ጻፊ። ልጆቹ የሚያውቁት ነገር ይሁን፤ ስለ ጥጃ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ጎርፍ። የሦስተኛ ክፍልን ሮስተር (የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር) ያዢና እያንዳንዱን አምስተኛ ስም ጥሪ። ርዕሰ መምህሩ ይምረጥልኝ እንዳትዪ፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ጎበዞቹን ማሳየት የሰው ጠባይ ነው። አንድ በአንድ ለብቻቸው ይቅረቡ። በስልክሽ አንድ ደቂቃ ያዢና በትክክል ያነበበውን ቃል ቁጠሪ። ከዚያ ስለ ታሪኩ ሦስት ጥያቄ ጠይቂው። አንድም ቃል ያላነበቡትን ለብቻ ጻፊያቸው፤ አማካይ ውስጥ አትቅበሪያቸው። በአገር ደረጃም ከ1992 ጀምሮ የ4ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን በናሙና የሚመዝን ጥናት አለ፤ ግን የአንቺን ወረዳ ለይቶ አይነግርሽም።

አደራ ደግሞ፣ ትምህርት ቤቶቹን በደረጃ አትደርድሪ። ከደረደርሻቸው በሚመጣው ዓመት ታሪኳን በቃል አስጠንተው ይጠብቁሻል።


ብየዳ ቤት (ቡሬ)፦

እህቴ፣ መምህር ስለ ልጆቹ ጨርሰውታል። እኔ ስለ ሙያው ልበል።

ቡሬ ላይ ብረታ ብረት ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ የአጥር ፍርግርግ እንሠራለን። በ2013 የዘይት ፋብሪካው ሲመረቅ ሁላችንም ያነሣነው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ብየዳና ኤሌክትሪክ የሚችል ልጅ ከየት ይምጣ?

ሰው ስቀጥር ወረቀቱን አይቼ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ቱቦላሬ እሰጠውና «60 በ80 ሳንቲ ፍሬም ሥራልኝ» እለዋለሁ። ማዕዘኑን 45 ዲግሪ መቁረጥ አለበት። በነጥብ ብየዳ ካያያዘው በኋላ ሙሉውን ከመበየዱ በፊት ሜትሩን ከጥግ እስከ ጥግ ይዘረጋ እንደሆነ ነው የማየው። በሁለቱም በኩል ድፍን አንድ ሜትር ከመጣ ፍሬሙ አልተጣመመም። ይሄን ሳያይ የሚበይድ ልጅ የሠራው በር አይዘጋም።

ባለፈው ዓመት ደረጃ 4 ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። ታታሪ፣ ሰው አክባሪ። ሜትሩን አልዘረጋም። ለምን ስለው «ጋሼ፣ ማሽኑን የነካሁት ሁለት ጊዜ ነው። ኤሌክትሮድ አልነበረም» አለኝ። የተማረበትን ቦታ ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም። ዛሬ እኔ ጋ ነው ያለው፣ እጁ ተፍታቷል። በዚያው ሳምንት ሌላ ልጅ መጣ። አባቱ ቀጥቃጭ ናቸው፤ የተማረው ከሳቸው ነው። ምንም ወረቀት የለውም። ብረቱን ከማንሣቱ በፊት ወለሉ ላይ በጠመኔ አራት መስመር አሰመረ። ሜትሩን ሁለት ጊዜ ዘረጋ። አንቺ ጋ ያለው ቅጽ የመጀመሪያውን «የሰለጠነ»፣ ሁለተኛውን «ያልሰለጠነ» ነው የሚለው።

ሲኦሲ እኮ ኮሌጅ ለገባ ብቻ አይደለም። በልምድ የቻለም ሰው ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ መውሰድ ይችላል። በልምድ መጥተው የተመዘኑትን ለብቻ ቁጠሪያቸው። ያ ቁጥር ከፍ እያለ ከሄደ ወረዳው የራሱን ባለሙያ ማየት ጀምሯል ማለት ነው።

ሌላው፣ ባለፈው ዓመት የተመረቁትን ስልክ ውሰጂና ደውዪላቸው። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቂ። ሥራ አለህ? በተማርክበት ነው? ገቢህ ወሩን ያዘልቅሃል? «ሥራ ተፈጠረለት» ተብሎ ከተጻፈው ስንቱ ባጃጅ ላይ እንዳለ ታያለሽ። ባጃጅ መንዳት ነውር የለውም፣ እንጀራ ነው። ግን ብየዳ የተማረ ልጅ ለምን ብየዳ እንዳልያዘ ማወቅ አለብን።


የፋግታ ልጅ (አዲስ አበባ)፦

እኔ ነርስ ነኝ። የተማርኩት እዚያ ነው፤ የምሠራው እዚህ። በየትኛው ገጽ ላይ ነው የምቆጠረው? አስተማሪዎቼ አብቅተውኛል፣ ያ የነሱ ውጤት ነው። የእናቴ ጤና ጣቢያ ግን ነርስ አላገኘም። ያፈራችሁትና የቀረላችሁ ሁለት የተለያየ ቁጥር ነው፤ አትደባልቂው።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ያለማል። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል። ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል። በአራት በአምስት ዓመቱ ከሰል ያወጣና መሬቱን መልሶ ያርሳል። ይሄን ማንም ክፍል አስገብቶ አላስተማረውም። ከጎረቤት አይቶ ነው፣ ጎረቤቱም ከሌላ ጎረቤት። ፋግታ ለኮማ ውስጥ እንዲህ ነው የተዛመተው። ቅጽ ላይ አባቴ «ያልተማረ» ተብሎ ይጻፋል። ሳየው ያመኛል።


የጅጋ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መምህር፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመልሼ ነበር። እንዳሉኝ ሮስተሩን ይዤ በየአምስተኛው ጠራሁ። ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ በኋላ ግን ራሳቸው ሰዓቱን ይይዙልኝ ጀመር። ስለ ጥጃ የጻፍኳትን ታሪክ ነው ያስነበብኳቸው። ሲያልቅ ያቺን ልጅ ለብቻዋ አስጠራኋት። እንደ ባለፈው እንዳላስለቅሳት ፈርቼ አብሬያት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በአንድ ደቂቃ ዘጠኝ ቃል አነበበች። እኔ አንድም አትችልም ብዬ ነበር።

ገጹን እንደገና ጀምሬዋለሁ። ከላይ ዘንድሮ ያልተማሩት። ቀጥሎ አንድም ቃል ያላነበቡት። ከዚያ በልምድ የተመዘኑት፣ የስልኩ ሦስት ጥያቄ፣ ያፈራነውና የቀረልን። ምዝገባው መጨረሻ ላይ ገባ። አለቃዬ «ይሄ ዕድገት አያሳይም» ይሉኝ ይሆናል። ካሉኝ ሚያዝያ ላይ ያንኑ እንድለካ ይፍቀዱልኝ እላቸዋለሁ።


መምህር ነበርኩ (ብቸና)፦

ልጄ፣ እነዚያ ዘጠኝ ቃላት የትኞቹ እንደሆኑ ጽፈሽ ያዢ። የሳተቻቸውንም እንዲሁ። ብዙ ልጅ ግዕዙን በደንብ ይለያል፤ የሚቸገረው ሳድስና ሳብዕ ላይ ነው። እሷም የቆመችው እዚያ ከሆነ ለመምህሯ ንገሪ። አምስት ስድስት እንዲህ ያሉ ልጆች አንድ ላይ ይቀመጡና በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይያዙ።

ሚያዝያ ስትሄጂ ግን ሌላ ታሪክ ጻፊላት። ቃላቱ የዚያችኛዋን ያህል ቀላል ይሁኑ። የጥጃዋንማ እስከዚያ ድረስ በቃሏ ትይዘዋለች።