አሳጥሬ የጻፍኩትን ማስታወሻ ማንበብ አቃተኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ያለሁት ሀዋሳ ነው። የእህቴን የጥር ሰርግ የማሯሯጠው እኔ ነኝ፣ ባጃጅ ውስጥም ስልክ እያወራሁም የሚሠራውን ሁሉ ደብተር ላይ በአጭር በአጭሩ ስጽፍ ነበር፣ አሁን ቁጭ ብዬ ሳየው ግማሹ አልገባ አለኝ። ጽ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ት/ቤት ምናምን ችግር የለም ማንም ያነባቸዋል፣ የቸገረኝ ለራሴ ብቻ ያሳጠርኳቸው ናቸው።

በጣም ያስጨነቀኝ ይሄ መስመር ነው፦ «መ/ክ/ከ ወንበር 200 ቀ/ድ 12/4 3ሰ»። ወንበሩ ግልጽ ነው፣ ቀ/ድ ቀብድ ነው፣ 12/4ም ታህሳስ 12። ግን መ/ክ/ከ መነኸሪያ ክፍለ ከተማ ነው ወይስ መሃል ከተማ ክፍለ ከተማ? ሁለቱም ጋ ድንኳንና ወንበር የሚያከራዩ ሰዎች ጋ ደውያለሁ፣ ስማቸውን ደግሞ ሴቭ አላረኩም። «3ሰ»ስ 3 ሰዓት ነው ወይስ ወንበሩን የሚያወርዱ 3 ሰዎች? ሰዓት ከሆነ ደግሞ የጠዋቱ ነው የማታው?

እስካሁን ትንሽ የረዳኝ ከላይና ከታች ያሉትን መስመሮች ከስልኬ የጥሪ ዝርዝርና ከቴሌብር መልእክቶች ጋር ማመሳከር ነው፣ የዳቦና የቪዲዮውን በዚህ አግኝቻለሁ። ወንበሩ ግን ገና ክፍያ ስለሌለው ምንም ፍንጭ የለውም። ለሁለቱም ደውዬ «ቀብድ ስንት ነበር ያልከኝ» ብል ይሻላል ወይስ ሌላ ዘዴ አላችሁ? በተለይ ሰርግ ያሰናዳችሁ ልጆች፣ አከራዮች በስንት ሰዓት ነው ቀብድ የሚቀበሉት? እህቴ በኔ ላይ ጥላ ነው የተቀመጠችው፣ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።