እባቡን የበደለው ማን ነው?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ሳምንት ንባባችን የሕንዳዊው ደራሲ የአር. ኬ. ናራያን «ናጋ» ነበር። በ1982 በታተመው «የማልጉዲ ቀናት» መድበል ውስጥ ያለ አጭር ልቦለድ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ፤ እንዳንደናገር።

ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። አባትና ልጅ እባብ እያጫወቱ ይኖራሉ። በኋላ አባትየው ጦጣ ጨመረ። አንድ ቀን ጦጣውን ይዞ ከአንዲት ሴት ጋር እብስ አለ። ለልጁ የተረፈው ትንሽ ሳንቲምና ቅርጫት ውስጥ የተጠቀለለ ናጋ የሚባል አሮጌ ኮብራ ነው። ኮብራው ደክሟል። አንገቱን ነፍቶ መነሳት እንኳ ይታክተዋል። ልጁ ሲቸግረው አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ዓይነ ስውር መስሎ ይለምናል። በመጨረሻ እባቡን ሊለቀው ሜዳ ይዞት ወጣ፤ ለቀቀውም። ሰማዩ ላይ ግን ጭልፊት ያንዣብባል። ልጁ አላስቻለውም። ሰብስቦ ወደ ቅርጫቱ መለሰው።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። በሕንድ የ1972 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ኮብራ ይዞ ጎዳና ላይ ማጫወት ወንጀል ነው። ሕጉ ልክ ነው? የልጁ ጸጸትስ ስለዚህ ክልከላ የሚነግረን ነገር አለ?

ሕግ አንባቢ፦
ልክ ነው። ልጁ አላሳዘነኝም ማለቴ አይደለም። ግን ቅርጫቱ ውስጥ ያለውም ነፍስ ነው። የጎዳና ኮብራ የመርዝ ጥርሱ ይነቀላል። የአንዳንዱ አፍ በክር ይሰፋል። ናግ ፓንቻሚ በሚባለው የእባብ በዓል ሰው ወተት ያጠጣዋል። እባብ ግን ወተት ጠጪ እንስሳ አይደለም። የሚጠጣው አስቀድሞ በውኃ ጥም ስለሚያቆዩት ነው። ብዙውም ከዚያ በኋላ ይሞታል። «ይጨፍራል» የምንለውም ጭፈራ አይደለም። ከፊቱ የሚወዛወዘውን የቅል ዋሽንት እንደ ጠላት እያየ ራሱን እየጠበቀ ነው። ልጁ ይህንን ስለተረዳ ነው የለቀቀው። ሕሊናው ከሕጉ ጋር ተስማምቷል ባይ ነኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ መጀመሪያውን ደግመህ አንብበው። ልጁ ሲከፍት «ምነው ሞተህ ቆዳህን በሸጥኩት» ነው የሚለው። ሊለቀው የተነሳው አዝኖለት አይደለም። እንጀራ ስላላበላው ነው። ጸጸቱ የመጣው ከለቀቀው በኋላ ነው፤ ጭልፊቱን ሲያይ። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ሕግ አንባቢ፦
እውነትዎን ነው ጋሼ። ተሳስቻለሁ። ግን ከየትም ይምጣ፣ ጸጸቱ እባቡ የሚበደል ፍጡር መሆኑን ያሳያል እኮ።

አዲስ ገቢ፦
እኔ መጽሐፉን አላነበብኩም። ግን እባብ ነው። ለእባብ ይሄን ያህል?

ነርሷ፦
ለእባብም ለሰውም። ሕንድ ውስጥ ከ2000 እስከ 2019 በእባብ ነደፋ የሞተው ሰው ወደ 1.2 ሚሊዮን እንደሚደርስ ተመራማሪዎች ገምተዋል። በዓመት ወደ 58,000 ማለት ነው። የሚበዙት ገጠሬዎች ናቸው። ኮብራም ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ ነው። ስለዚህ እባብን የሚያውቅ ሰው ለዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ አሁን ሥራ ላይ ነኝ።

የዴልሂ ተማሪ፦
እኔ ዴልሂ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። እስካሁን ለማንም አውርቼው አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ስንወጣ አንድ ሽማግሌ እባብ አጫዋች መንገድ ዳር ተቀምጦ አየን። ብርቱካናማ ጥምጥም አድርጓል። ቅርጫቱን ከፈተልን። ሳቅን፣ ጮህን፣ ፎቶ ተነሳን። አስር ሩፒ ሰጠሁት። ማታ መኝታ ክፍሌ ፎቶውን አጉልቼ ሳየው የእባቡ አፍ ጥግ ላይ ክር አለ። ቀጭን ክር። እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ወደዚያ ቦታ ሄድኩ። ሄጄ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር። ሽማግሌው አልነበረም።

ሕጉ ሽማግሌውን ያስራል። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ክሩን ያሰፋው ግን የእኔ አስር ሩፒ ጭምር ነው። ናራያን ልጁን ብቻውን ሜዳ ላይ ሲያቆመው ያናደደኝ ለዚህ ነው። የከበቡት፣ ያጨበጨቡት፣ ሳንቲም የወረወሩት ሁሉ ሄደዋል። የቀረው የሕሊና ዕዳ በሙሉ የተጫነው አንድ የሚበላው በሌለው ሕፃን ላይ ነው።

ሕግ አንባቢ፦
ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። ግን የተመልካቹ ጥፋት የአጫዋቹን አያጥብም። ሁለቱም ጥፋት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
እዚህ ላይ የናራያንን ሌላ ታሪክ ላንሳ። ትምህርት ቤት ሳለን ሕንዳዊ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ያነበበልን «የኮከብ ቆጣሪ ቀን» ነው። ሰውየው ግንባሩን ቀብቶ፣ ዛጎሉን ዘርግቶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ለአላፊ አግዳሚው ዕድል ይነግራል። እርሱም የጎዳና ትርዒተኛ ነው። አንድ ማታ አንድ ሰው መጣ። ኮከብ ቆጣሪው በወጣትነቱ በጩቤ ወግቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ ጥሎት የሸሸው ሰው ነው! ሰውየው አላወቀውም። የወጋውን ሰው እያሳደደ ነው። ኮከብ ቆጣሪው ምን አለው? «ጠላትህ መኪና ገጭቶት ሞቷል፣ አገርህ ግባ።» ደግሞ አስከፈለው። አስራ ሁለት አና ተኩል፤ አና የድሮ የሕንድ ሳንቲም ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ አላት። የሰው ደም በእጄ ያለ ይመስለኝ ነበር አላት። ከዚያ ተኛ።

ልጆች ሆነን ይህን ጸጸት ነው ብለን ተከራከርን። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ግን ያ እፎይታ እንጂ ጸጸት አይመስለኝም። ሰውየው ፊት ለፊቱ ተቀምጦለት ነበር። ይቅርታ ሊለው ይችል ነበር። ዋሸው። የ«ናጋ»ውን ልጅ ተመልከቱ። ማንም አልከሰሰውም። ማንም አላየውም። ግን ተመለሰ። ያን ደካማ እባብ ተሸክሞ ወደዚያው ችግር ተመለሰ። ለእኔ ጸጸት ማለት እንዲህ ያለው መመለስ ነው።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ እሱስ ነው! ግን ወደ ምን ተመለሰ? ወደ ቅርጫት።

የዴልሂ ተማሪ፦
አሁን ገና አንድ ነገር በራልኝ። ልጁን ያስጨነቀው እባቡን ማሰሩ አይደለም። መተዉ ነው። አባቱ እሱን እንደተወው ሊተወው ነበር። አባትየው ትንሽ ሳንቲም ጥሎ ሄደ። ልጁም ለእባቡ ሜዳ ጥሎለት ሊሄድ ነበር። ሜዳው ላይ ጭልፊት አለ። ጥርሱ የተነቀለ እባብ ደግሞ አድኖ መብላት ይቸግረዋል። ተለቀቀ ቢባልም ዕድሜው አጭር ነው።

ወደ ሕጉ ስመጣ ደግሞ መንግሥት ከእባብ አጫዋቾቹ ጋር ያደረገው ያንኑ የአባትየውን ይመስለኛል። ከትውልድ ትውልድ ሌላ ሙያ ላልነበረው ሕዝብ «ክልክል ነው» ብሎ ሄደ። ለዚህ ሕዝብ ጥፋተኛ መባል አዲስ አይደለም። እንግሊዞች በ1871 «የወንጀለኛ ጎሳዎች» የሚል ሕግ አውጥተው ስንቱን ዘላን ማኅበረሰብ በልደቱ ብቻ ወንጀለኛ አደረጉት። እየዞሩ ትርዒት የሚያሳዩም ከዚያ አላመለጡም። ያ ሕግ የተሻረው ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ ነው። መዝገቡ ተፋቀ፤ ስሙ ግን አልተፋቀም። ደግሞ ዴልሂ ካትፑትሊ ኮሎኒ የሚባል ሰፈር ነበር። አሻንጉሊት አጫዋቾች፣ አስማተኞች፣ አክሮባቶች ለአሥርት ዓመታት የኖሩበት። በ2017 በቡልዶዘር ፈረሰ። ብዙዎቹ እንስሳ የሚነካ ሥራ እንኳ አልነበራቸውም።

ሕግ አንባቢ፦
ይህ ነጥብ ከበደኝ፤ አልሸሽግም። ግን ሌላውንም ተመልከቺ። ቃላንዳሮች የሚባሉ የሕንድ ማኅበረሰቦች ድብ ያጨፍሩ ነበር። ግልገሉን ይይዙታል፣ አፍንጫውን በጋለ ብረት ይበሱታል፣ ገመድ ያስገቡበታል። ድቡ የሚነሳው ገመዱ ስለሚያመው ነው። በ1998 መንግሥት ድብ፣ ጦጣ፣ ነብር፣ አንበሳ ለትርዒት ማሠልጠንን ከለከለ። የእንስሳት ተንከባካቢ ድርጅቶች ድቦቹን እየሰበሰቡ አግራ ከተማ አጠገብ ወዳለ መጠለያና ወደ ሌሎችም ወሰዱ። ለባለቤቶቹም መነሻ ገንዘብ ሰጡ። አንዱ ሱቅ ከፈተ፣ አንዱ ሪክሾ ነዳ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። በ2009 መጨረሻ አካባቢ የጎዳና ድብ አበቃ። ክልከላ ባይኖር ይህ ይሆን ነበር?

ነርሷ፦
መጣሁ። ልክ የምለው ይህንን ነበር። በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት ውስጥ ኢሩላ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። እባብ አዳኞች ናቸው፤ ኑሯቸው ቆዳውን መሸጥ ነበር። የ1972ቱ ሕግ መጥቶ ቀስ በቀስ ገበያው ተዘጋ። ሕዝቡ ተራበ። በ1978 ኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመላቸው። አሁን እባቡን በፈቃድ ይይዛሉ፣ መርዙን ያልባሉ፣ ከዚያ መልሰው ጫካ ይለቁታል። ለነደፋ መድኃኒት መሥሪያ ከሚሆነው የሕንድ የእባብ መርዝ ብዙው የሚመጣው ከእነሱ እጅ ነው። በ2023 ሁለት የኢሩላ ሰዎች ፓድማ ሽሪ የሚባለውን የአገሪቱን ክብር ተሸለሙ።

ያው እባብ፣ ያው እጅ፣ ያው ዕውቀት። እኔ ክልከላውን አልቃወምም። በባዶ እጅ መከልከሉን ግን እቃወማለሁ።

አዲስ ገቢ፦
ቅድም «እባብ ነው» ያልኩትን መልሼዋለሁ። ማታ ታሪኩን ፈልጌ አነበብኩት። ግን ልጠይቃችሁ። ልጁ ለጭልፊቱ ይጸልያል አይደል? አምላክ ነህ፣ ናጋን ተወው ይለዋል። እባቡም ቅዱስ፣ ጭልፊቱም ቅዱስ። ታዲያ ማን ያድነዋል?

ጡረተኛው መምህር፦
ጎበዝ። ለሕንዳውያን ጭልፊቱ የጋሩዳ አምሳል ነው፣ ቪሽኑ የሚባለው አምላክ መጓጓዣ የሆነው ቅዱስ ወፍ። ኮብራውም ሺቫ በሚባለው አምላክ አንገት ላይ የሚኖር ነው። ልጁ ሁለት አማልክት መካከል ቆሟል፤ ሁለቱም አልረዱትም። ያዳነው የገዛ እጁ ነው።

ሕግ አንባቢ፦
እሺ፣ አቋሜን ላስተካክል። ሕጉ ልክ ነው እላለሁ አሁንም። ድቡ ገመዱ ይፈታለት ዘንድ ሌላ መንገድ አላየሁም። ግን መጀመሪያ ላይ የልጁ ሕሊና ከሕጉ ጋር ተስማምቷል ያልኩት ስህተት ነው። ልጁ የቆመው ሕጉ ያላየው ቦታ ነው።

የዴልሂ ተማሪ፦
እኔ ደግሞ አሁንም አልተስማማሁም። ሽማግሌው ዋሽንቱን ቢያስቀምጥ ማታ ምን ይበላል? ይህን ሳትመልስልኝ ልክ ነው አትበለኝ። ፎቶውን እስካሁን አላጠፋሁትም።

አወያይ፦
ክርክሩ አልተዘጋም። ለሚቀጥለው ሐሙስ ጋሼ ያነሱትን «የኮከብ ቆጣሪ ቀን» እናንብብ። እፎይታ ወይስ ጸጸት የሚለውን ከዚያ እንቀጥላለን። ሕግ አንባቢ፣ ለእሷ ጥያቄ እስከዚያ መልስ ይዘህ ና።

ሕግ አንባቢ፦
እሞክራለሁ። የኢሩላዎቹ ማኅበር ምን ያህል ቤተሰብ እንደሚያኖር ከማየት ልጀምር።