ክርክር፦ የፊዚክስ ሊቅ ከማስተማሪያው ወንበር ተነሥቶ ቢሾም

መከራከሪያው፦ ኧርነስት ሞኒዝ እ.ኤ.አ. በ1972 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በቲዎሬቲካል ፊዚክስ ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ካስተማሩ በኋላ፣ ከ2013 እስከ 2017 የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስትር ሆኑ። እንዲህ ያለውን ሊቅ መሾም ተገቢ ነው?

የሒሳብ መምህር፣ ደሴ፦ አልደግፍም። እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራውን የሚያውቀው አንድ የፊዚክስ መምህር ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት በሹመት ከሄደ ወዲህ ቁልፉ ሚስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ልጆቹ ፔንዱለምን ደብተራቸው ላይ ይሥሉታል እንጂ ሲወዛወዝ አይተውት አያውቁም።

መሐንዲስ፣ ኮምቦልቻ፦ መምህር፣ ቁጭትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን የ2015ቱን የኢራን የኑክሌር ድርድር ይመልከቱልኝ። ከሞኒዝ ፊት ለፊት የተቀመጡት የኢራኑ ተደራዳሪ አሊ አክባር ሳሌሂም በኑክሌር ምህንድስና የኤምአይቲ ዶክተር ነበሩና ሁለቱ የተነጋገሩት በቁጥር ነው። 19 ሺህ ያህል የነበሩት የኢራን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ማሽኖች (ዩራኒየሙን ለነዳጅ ወይም ለቦምብ እንዲሆን የሚያጣሩት) ወደ 6,104 እንዲወርዱ፣ የበለጸገው ዩራኒየም ክምችት ከ300 ኪሎ ግራም፣ የሚበለጽግበት ደረጃም ከ3.67 በመቶ እንዳያልፍ ስምምነት ተደረሰ። ለአንድ ቦምብ የሚበቃ ዩራኒየም ለማዘጋጀት ይወስድ የነበረው 2 ወይም 3 ወር ወደ 1 ዓመት እንዲረዝም የማሽኑ ብዛት፣ ዓይነቱና ክምችቱ አንድ ላይ መሰላት ነበረባቸው። ስሌቱን ከረዳቶቹ ወረቀት ብቻ የሚያነብ ሚኒስትር ከነዚህ አንዱ ቢዛባበት በምን ያውቃል?

የሒሳብ መምህር፦ ስሌቱን አልነቅፍም። ሆኖም አሜሪካ በ2018 ከስምምነቱ ስትወጣ ውሳኔው በፊዚክስ አልተመዘነም፤ ያን ያህል የተደከመበት ሥራ በአንድ ፊርማ ተተወ። ሊቁ ሲያስተምር ያፈራውን ተማሪ ግን ማንም በፊርማ አይሽርበትም።

የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ ደሴ፦ ሁለታችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ። ሞኒዝ ከ1997 እስከ 2001 በዚያው የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ኃላፊ ነበሩ፤ ከዚያ ወደ ኤምአይቲ ተመልሰው በ2006 የኢነርጂ ምርምር ማዕከሉን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። የተሾሙበት መሥሪያ ቤትም የኑክሌር ጦር መሣሪያውንና ብሔራዊ ቤተ ሙከራዎችን የሚያስተዳድር እንደ መሆኑ፣ ሹመቱ ከሙያቸው አልለያቸውም። መምህር ያነሡት ባልደረባችን ግን፣ እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ከሙያው ጋር ወደማይገናኝ ሥራ ሄደ፤ መመለሻም አልተበጀለትም።

የሒሳብ መምህር፦ እኅቴ፣ በዚህስ እስማማለሁ። ለእኛ ትምህርት ቤት ግን አንድ ነገር ይጨመርልኝ፦ ቁልፉን ተረክቦ የሚያስተምር ሰው ሳይመደብ ከእንግዲህ ማንም በሹመት አይነሣብን።