አስቸኳይ፦ አንኮበር መንገድ ላይ ኮስተራችን አፈላ፣ 22 ተማሪ ይዘናል

መምህርት ከጠባሴ (ጠዋት 2፡50)
ወገኖቼ ቶሎ መልሱልኝ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር እየሄድን መኪናው አፈላ። ከፊት በኩል ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ብሎ ወጣ። ሹፌሩ ዳር አስያዘና አጠፋው። ልጁ መኪናውን ከያዘ ገና ሳምንቱ ነው። «ክዳኑን ከፍቼ ውሃ ልሙላ» ይላል፣ እኔ ደግሞ ፈራሁ። ይክፈት ወይስ ይቆይ?
ሌላም ጭንቀት አለብኝ። ይህን ጉዞ ሁለት ወር ለፍቼበታለሁ። ልጆቹ አንድ የባሕር ዳርቻ ጉብኝት በቪዲዮ አይተው ነበር። አውቶቡሱ የድሮ ወደብና ለመርከብ መንገድ የሚያመለክት የመብራት ማማ እያሳየ ይሄድና መጨረሻ ላይ ዓሣ ነባሪ ያሳያቸዋል። «እኛስ መቼ ነው?» አሉኝ። እኔም የራሳችንን የግማሽ ቀን ጉብኝት አዘጋጀሁላቸው። ከባሕር ተነስቶ አንኮበር የሚደርሰውን የነጋዴ መንገድ ታሪክ እነግራቸዋለሁ፣ ከዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ እናያለን። ግን ጭላዳ ከ4 ሰዓት በኋላ አይታይም። አሁን ሊያመልጠን ነው። ስልኬ 31 ፐርሰንት ነው።

ጋራዥ ሰፈር (2፡54)
አይከፈት! በምንም ዓይነት አይከፈት። ውስጥ ያለው የፈላ ውሃ ታምቋል። ክዳኑ ትንሽ ሲላላ ፊቱ ላይ ነው የሚፈነዳው። ክንዱ እስከ ክርኑ የተላጠ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ቢያንስ 40 ደቂቃ ይቀዝቅዝ። እጁን ራዲያተሩ ላይ ሲያሳርፍ የማያቃጥለው ሲሆን፣ ያኔ በወፍራም ጨርቅ ይዞ ቀስ አድርጎ ይክፈት።
እስከዚያ ንገሪኝ። ከመቆማችሁ በፊት የባትሪው መብራት በርቶ ነበር? መሬት ላይ ውሃ ይንጠባጠባል? ከየት በኩል? ስንት ሊትር ውሃ ይዛችኋል?

ባለ ሲኖው (2፡55)
ከመኪናው በፊት ልጆቹ የት ናቸው? ያንን መንገድ በሳምንት ሁለት ጊዜ እወጣዋለሁ። በኅዳር ጠዋት ጉም ከገደሉ ድንገት ይወጣና አሥር ሜትር ፊትህን አታይም። ልጆቹን ሁሉ አውርጂ። በገደሉ በኩል ሳይሆን በዳገቱ በኩል፣ ከአስፋልቱ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ። መኪናው ውስጥ አንድም ሰው አይቅር። ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ። ከኋላ 50 እርምጃ ያህል ርቆ ምልክት ይቁም፣ ከሌለ ቅጠል ያለው ትልቅ ቅርንጫፍ ይሁን። ስትሄዱ ደግሞ ድንጋዩንም ቅርንጫፉንም አንሱ። ሰው መኪናውን ያስነሳና ድንጋዩን መሐል መንገድ ጥሎት ይሄዳል። ማታ ሌላው ይመጣና በእሱ ይገለበጣል። ስንቱን ወንድማችንን በዚህ አጥተናል። እባካችሁ ይህን ነገር ልጆቹንም አስተምሪያቸው።

የሰላድንጋይ ልጅ (2፡57)
ቆሎ ይዛችኋል? ቆሎ ካለ ግማሹ ችግር ተፈቷል። 22 ልጅ አፉ ሥራ ካልያዘ ከመኪናው ቀጥላ የምታፈላው መምህርቷ ናት 😄
ውሃውን በተመለከተ ግን፣ የልጆቹን ሃይላንድ ሰብስበሽ ራዲያተር ውስጥ እንዳትጨርሺው። የሚጠጣው ለብቻ ይቀመጥ። ሁለት ትልልቅ ልጆች ከሹፌሩ ጋር ቅርብ ያለው ቤት ድረስ ሄደው ጄሪካን ይለምኑ። በእኛ አገር ለመንገደኛ ውሃ የሚከለክል ቤት የለም።

ሰው ነኝ (3፡01)
የሚያፈሰው ቦታ ላይ ሳሙና ለጥፉበት። ልብስ ማጠቢያ ሳሙና እንደ ሊጥ አድርጋችሁ ስትለጥፉት ቀጥ ይላል። አባቴ ሁሌ የሚያደርገው ነው።

ጋራዥ ሰፈር (3፡03)
ወንድሜ፣ ሳሙና የናፍታ ታንከር ሲያፈስ ነው የሚሠራው። ፈላ ውሃ ላይ ሟሙቶ ይሄዳል። አባትህም ታንከር ላይ ይሆናል ያደረጉት።

መምህርት ከጠባሴ (3፡06)
ልጆቹ ወርደው ዳገቱ ላይ ተቀምጠዋል። ድንጋይ ገብቷል። የባትሪ መብራት አልበራም ነበር ይላል። ውሃ ይንጠባጠባል፣ ከፊት በቀኝ። ውሃ 6 ሊትር አለን። ክዳኑን አልከፈትንም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጋራዥ ሰፈር (3፡09)
ጥሩ ዜና ነው። የባትሪው መብራት ካልበራ ቺንጋው (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) አልተበጠሰም ማለት ነው። የራዲያተሩ ጎማ (ውሃው የሚያልፍበት ቱቦ) ነው የሚሆነው፣ ወይ ተሰንጥቋል ወይ ማሰሪያው ላልቷል። ሲቀዘቅዝ ጎማውን ከላይ እስከ ታች በእጁ ይዳብሰው። ስንጥቁ ጫፉ ላይ ከሆነ ያቺን ሁለት ጣት የምታህል ክፍል በቢላዋ ቆርጦ፣ የቀረውን ገፍቶ አስገብቶ በካቻቢቴ ማሰሪያውን ማጥበቅ ነው። መሐሉ ላይ ከሆነ አሮጌ ካላማደሪ (የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ) በሁለት ጣት ስፋት ይቅደድ። ጎማውን አድርቆ፣ እየለጠጠ፣ እየደራረበ፣ ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ አሳልፎ ይጠቅልለው። ላዩን በሽቦ ይሰር። ካላማደሪ ከሌለ አህያ የሚጭን ገበሬ ጠይቁ፣ ጭነት የሚያስሩበት አይጠፋም።
ውሃው የሚሞላው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተደፋ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ብረት) ይሰነጠቃል። ያኔ ጉዞው ብቻ ሳይሆን ሞተሩም አለቀ።

የታሪክ ሰው ነኝ ባይ (3፡12)
ጥያቄ አለኝ። «ከባሕር እስከ አንኮበር» ያልሽው ምንድን ነው? ሸዋ ላይ ምን ባሕር አለ? ልጆችን ያልሆነ ነገር ከማስተማር ዝም ብሎ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ማለት አይሻልም?

አያ መዝገቡ (3፡20)
ልጄ፣ መምህርቷ ልክ ናት። ባሕሩ ሸዋ የለም፣ የባሕሩ መንገድ ግን የሚያበቃው እዚህ ነበር። እኔ በጡረታ ላይ ያለሁ የታሪክ መምህር ነኝ። ልጆቹ ቁጭ ብለዋል፣ ይህን አንብቢላቸው።
አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ዕቃው የሚመጣው ከባሕር ወደቦቹ ከታጁራና ከዘይላ ነው። ከታጁራ የሚነሳው ሲራራ ነጋዴ በአሳል ሐይቅ በኩል ያልፋል። ያ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ እኛ ተራራ ይወጣል። ግመል ዳገታችንን ስለማይችል ሸክሙ ከሥር ፋሬ ላይ ይራገፍ ነበር። ከዚያ በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ወደ አልዩ አምባ፣ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር። አልዩ አምባ ትልቅ ገበያ ነበረ። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ የሚቆጠርበት፣ ቡናና ጨርቅ የሚለዋወጥበት። ሰውም ይሸጥበት እንደነበር ሳትደብቂ ንገሪያቸው።
እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከቦምቤይ በመርከብ ተነስቶ፣ በኤደን አድርጎ ታጁራ ወረደ። ከዚያ በዚህ መንገድ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ መጣ፣ መድፍም አመጣላቸው። በዚያው ዓመት ውል ተፈራረሙ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦም ቢሆን ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሳና እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ሲደርስ ምኒልክን አላገኛቸውም። እንጦጦ ድረስ መሄድ ነበረበት። መናገሻው ወደዚያ እየዞረ ነበርና።
እንግዲህ መርከብ ያራገፈውን ዕቃ የሚጠብቀው ንጉሥ እዚህ ኮረብታ ላይ ከተቀመጠ፣ የባሕር ታሪክ የለንም እንዴት ይባላል? ልጆቹ ጉሙ ሲገፈፍ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቆላው ይዩ። ነጋዴው የመጣው ከዚያ ነው።

የታሪክ ሰው ነኝ ባይ (3፡24)
አያ፣ አመሰግናለሁ። የፋሬውን አላውቅም ነበር። ተቀብያለሁ።

የጓሳ ልጅ (3፡26)
መምህርት፣ ጭላዳ ከ4 ሰዓት በኋላ አይታይም ያለሽ ማነው? እኔ ያደግሁት መንዝ ነው፣ ጓሳ ውስጥ ሰው አስጎበኛለሁ። ጭላዳ ሌሊት የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ወደ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ እርስ በርሱ ፀጉሩን ይለቃቀማል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲበላ ይውላል። ቁጭ ብሎ፣ በቂጡ እየተንፏቀቀ፣ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ። ከዝንጀሮ ወገን ሣር በል ሆኖ የቀረው እሱ ብቻ ነው፣ ያለውም በኢትዮጵያ ብቻ። ወደ ገደሉ የሚመለሰው ሲመሽ ነው። በብርድና በጉም ቀን ደግሞ አርፍዶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ምንም አላመለጣችሁም። እንዲያውም ከገደሉ አጠገብ ከቆማችሁ ዝም በሉና ስሙ። ከማየታችሁ በፊት ድምፁ ነው የሚመጣው።
ቆሎም ዳቦም እንዳትሰጡት። የሰው ምግብ የለመደ መንጋ ገብስ ማሳ ውስጥ ይገባል፣ ገበሬውም በድንጋይ ይቀበለዋል። ወንዱ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳያችሁ ቅርብ ሄዳችኋል ማለት ነው። ተመለሱ።

መምህርት ከጠባሴ (3፡31)
ስንጥቁ ተገኘ! ጫፉ ላይ ነው፣ ጥፍር የምታህል። ሹፌሩ እየቆረጠው ነው። የአያን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። አንዷ ልጅ «አሁንም ታጁራ ዓሣ ነባሪ አለ? ዓሣ ነባሪስ ዓሣ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ የሚያውቅ? 19 ፐርሰንት።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ (3፡35)
ስሙ ነው የሚያሳስተው። ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም። በሳንባ ነው የሚተነፍሰው፣ ለዚህ ነው ወደ ላይ ብቅ እያለ እንፋሎት የሚመስል ትንፋሽ የሚረጨው። ልጁን ወልዶ ያጠባል። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ በብዛት የሚጎበኘው ግን ሌላ ነው። በዚህ ወቅት፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ በጣም ትልቅ ነጠብጣብ ያለው ሻርክ ይሰበሰባል። እሱ እውነተኛ ዓሣ ነው፣ በስንጥብ ይተነፍሳል፣ ከዓሣ ሁሉ ትልቁም እሱ ነው። የሚበላው ግን በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳትን ነው። ልጅቷን ጎበዝ በይልኝ። ከእንስሳት አንዱ ግዙፍ ሆኖ ጥቃቅን ሲበላ፣ አንዱ ዝንጀሮ ሆኖ ሣር ሲበላ፣ ሁለቱን ብታወዳድሪላቸው ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል።

አንድ ወንድም (3፡38)
ክዳኑን እንዳትከፍቱ! ይፈነዳል!

የሰላድንጋይ ልጅ (3፡39)
ወንድሜ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ጎማው እየተቆረጠ ነው 😄 ግን ልብህን ይባርከው።

ጋራዥ ሰፈር (3፡41)
መምህርት፣ ከመነሳታችሁ በፊት ይህን አንብቢለት። ውሃ በዚያ ከፍታ ላይ ቶሎ ይፈላል። ባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው፣ 3,000 ሜትር አካባቢ 90 ላይ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ጥብቅ ክዳኑ ነው። የተቆረጠ ጎማ ደግሞ ብዙ ግፊት አይችልም። ስለዚህ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን ሳያስጮህ ይሂድ። የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ይክፈተው፣ ከሞተሩ ሙቀት ይወስድለታል። ልጆቹም አይበርዳቸውም። በየ5 ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ጎማውን ይይ። የሙቀት መለኪያው ከመሐል ካለፈ ወዲያው ይቁም። አንኮበር ከደረሳችሁ እዚያው ይብቃችሁ። ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል አትውረዱ። መውረዱን ይወርዳል፣ በዚህ ጎማ ያንን ዳገት ተመልሶ መውጣቱ ነው የሚያስፈራኝ።

መምህርት ከጠባሴ (3፡58)
ተነስተናል። ማሞቂያው በርቷል፣ ልጆቹ እየዘፈኑ ነው። ጉሙ እየተገፈፈ ነው። ቅድም የተቀመጥንበት ዳገት ጫፍ ላይ ሰባት ጭላዳ ወጡ። አንዱ ደረቱ ቀይ፣ ጎፈሩ እስከ ክርኑ። ልጆቹ ማንም ሳይነግራቸው ጸጥ አሉ። ድንጋዩን አንስተናል። 11 ፐር

ባለ ሲኖው (5፡15)
ደረሳችሁ?

የጓሳ ልጅ (6፡40)
መምህርት፣ ደረሳችሁ ወይ? አንድ ቃል ጣይልን።

አያ መዝገቡ (7፡05)
ስልኩ አልቆባት ይሆናል። አንኮበር ጎረቤላ ከተማ የሚያውቀው ሰው ያለ ደውሎ ይጠይቅልን።

ባለ ሲኖው (8፡30)
ከአንኮበር የመጣ አይሱዙ ጠባሴ ላይ አግኝቼ ጠየቅሁት። ነጭ ኮስተር ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር ቆማ አይቷል፣ ልጆች ኮረብታውን ሲወጡ። የእሷ ትሁን አትሁን እርግጠኛ አይደለም።

ጋራዥ ሰፈር (8፡36)
ከሆነች እሰየው። መምህርት፣ ስልክሽን ስትቻርጂ ይህን ታያለሽ። ያ የተቆረጠ ጎማ ለነገ አይሆንም፣ ዛሬውኑ ይቀየር። የሚሆነውን ልክ አውጥቼ አስቀምጫለሁ። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እቆያለሁ። ሹፌሩ ሲመጣ አሮጌውን ይዞልኝ ይምጣ፣ ለምን እንደተሰነጠቀ አብረን እናየዋለን።